ገናሌ ዳር ያለው የድንጋይ ክምር

አባቴ ወታደር ነበር። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ከነገሌ ተነስቶ ወደ ገናሌ ወንዝ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ለእናቴ የደረሳት ወረቀት መሞቱን እንጂ የት እንደተቀበረ አይናገርም። ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲረጋጋ ፍለጋ ልውረድ አለች። እኔ ያኔ ነገሌ የታሪክ መምህር ሆኜ ነበር። ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ለተማሪ ስለፈልፍ እውላለሁ፣ የገዛ አባቴ የወደቀበትን ግን አላውቅም።

መንደሯ ሃያ ጎጆ ቢኖራት ነው። አንድ ሽማግሌ "አካም፣ ናጋ?" እያሉ ተቀበሉን። ጉዳያችንን ሲሰሙ መንገድ ዳር ወዳለ ትልቅ የድንጋይ ክምር ወሰዱን።

"ወታደሩን እዚህ ቀበርን። እኔም ቆፍሬያለሁ" አሉ።

በዚያ አገር በመቃብር አጠገብ የሚያልፍ ሰው ለሟቹ ክብር ድንጋይ ይጨምራል። እናቴም አንድ ድንጋይ አኑራ፣ ተንበርክካ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትወርድ ነበር።

ዕድሜዋ ሲገፋ አዲስ ሐሳብ መጣባት። አጽሙ ፈልሶ ነገሌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲያርፍ፣ እሷም ስትሞት አጠገቡ እንድትቀበር ፈለገች። ሌላ የምትለምነው ነገር አልነበራትም። ቄሱም "የእሱ መሆኑን ካወቃችሁ ይሁን" አሉ።

የመንደሩን ፈቃድ ለመጠየቅ ቀድሜ ወረድኩ። ነገሩ የተምታታብኝ ያኔ ነው። አንዲት አሮጊት ክምሩ የጣሊያን ጊዜ ሰው መቃብር ነው አሉኝ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ በግጦሽ ጠብ የሞተ አጎቴ ነው ያለበት ብሎ ተቆጣ። መቼ እንደሆነ ስጠይቅ ዓመት የሚቆጥርልኝ የለም። ሁሉም "በእገሌ ገዳ" ይላል። አንድ ገዳ ስምንት ዓመት ነው ብዬ ደብተሬ ላይ እያባዛሁ ወደ ኋላ ስቆጥር፣ አባቴን ከመወለዱ በፊት ገደልኩት። የታሪክ መምህር ማለት ይህ ነው!

ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ።

"አባባ፣ ማንን ልመን?"

"ሁሉንም። ማንም አልዋሸም። መቃብሩ ሦስት ነበር፣ ትንንሽ ትንንሽ። ሰው ድንጋይ ሲጥል፣ ሲጥል፣ ተገናኘና አንድ ሆነ።"

"የአባቴ የትኛው ነው?"

"ያን ቀን ጥድፊያ ነበር። ዋቃ ነው የሚያውቀው።"

"ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉን?"

"እናትህ ማልቀሻ ነው የፈለጉት። ማልቀሻ ሰጠኋቸው።"

ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም አልገባኝም። ለእናቴ እነግራታለሁ ብዬ ነገሌ ስደርስ፣ ነጠላዋን አጥባ አጽሙን የምትጠቀልልበት አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሳልነግራት ቀረሁ።

መንደሩ ፈቀደልን፤ በቁፋሮው ቀን የሦስቱም ሰዎች አጽም ጎን ለጎን ተገኘ። ጨርቅ የለ፣ ቁልፍ የለ። ሽማግሌው እያፈሩ "ጫማና ቀበቶውን ለሕያው ሰው ሰጥተን ነበር" አሉኝ። የአጎቴ ነው ባዩ ጎልማሳም አጎቱን መለየት አቅቶት አጠገቤ ቆሟል። እናቴ ከግራር ጥላ ሥር ተጣራች።

"አገኛችሁት?"

ሁሉም እኔን አየኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ ጣቴ ወደ መካከለኛው ሄደ። "አዎ፣ እማዬ። ይኸው።"

ጎልማሳው አንገቱን ደፋ። እናቴ መጥታ የጭኑን አጥንት አነሳችና በስንዝሯ ለካችው። እንደገና ለካችው።

"አባትህ እኮ ረጅም ነበር" አለች።

ትንሽ አየችኝና "ሞት ያሳጥራል መሰለኝ" ብላ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ጠርጥራ ይሁን አምና፣ አልጠየቅኳትም፤ እሷም ስለዚያ ቀን ዳግም አላነሳችም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች፤ እንደተመኘችውም አጠገቡ ቀበርኳት። ለተዝካሯ የመጣው ሰው "ባልና ሚስቱን አገናኘህ፣ የተባረክ ልጅ" እያለ ሲመርቀኝ ዋለ፤ እኔም አሜን አልኩ። እናቴን ከማን ጋር እንደቀበርኳት አላውቅም።