በአረቄ የተጠረጠረው ጠርሙስ

እማማ መዲና ከቢስቲማ ደሴ ድረስ የመጡት ለአንድ ጉዳይ ነበር፤ የልጃቸውን የሳዲቅን የመጀመሪያ ልጅ ሊያቅፉ። ማርና ቅቤያቸውን አሸክመው ቧንቧ ውሃ ሠፈር ደረሱ፤ ሕፃኗን ረውዳን አዩ፤ «ማሻአላህ» አሉ፤ አላቀፏትም።

በማግሥቱም አላቀፏትም። ምራታቸው ፈትሂያ ልጅቱን ስታቀብላቸው አንዴ ሶላት ደረሰብኝ ይላሉ፣ አንዴ እጄን ልታጠብ ይላሉ። እኚህ ሴት እኮ ልጆቻቸውን አዝለው ወንዝ እየወረዱ ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ የኖሩ፣ የጎረቤት ልጅ ሳይስሙ የማያልፉ ሰው ናቸው! ዓይናቸው ከሕፃኗ አይነቀልም።

ነገሩ የመጣው ከጠርሙስ ነው። ረውዳ ስትወለድ ኪሎዋ ትንሽ ነበር። ፈትሂያም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ፣ የልጅቱን ልብስ በሳሙና ካጠበች በኋላ ፒያሳ ከተገዛ ሰማያዊ ጠርሙስ እየቀዳች ትዘፈዝፈዋለች። ሳዲቅ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ለብሶት የሚመጣው ቱታ፣ መጋረጃው፣ ፎጣው ሳይቀር ከዚያ ጠርሙስ አያመልጥም። እማማ መዲና ምን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ «የልብስ ሳኒታይዘር ነው» አለቻቸው።

ይህችን ቃል እሳቸው ያውቋታል። በኮሮና ጊዜ ሚኒባስ ሲሳፈሩ እጃቸው ላይ ያፈሰሱባቸው፣ የአረቄ ሽታው ቤት ድረስ የተከተላቸው ነገር ናት። አረቄ ደግሞ ነጃሳ፣ ሶላት የሚያበላሽ ርኩስ ነገር ነው፤ ነጃሳ የነካውን ልብስ አቅፎ እንዴት ይሰገዳል? አራስ ምራትን ልጅሽን አረቄ ውስጥ ነከርሽ ማለትም ነውር ሆነባቸው። ዝም አሉ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ፈትሂያ ዝምታውን በራሷ መንገድ ፈታችው። ውሎ አድሮ ግን በሆዷ መያዝ አልቻለችም።

«እማ፣ የማያቅፏት ሴት ስለሆነች ነው?» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

እማማ መዲና ክው አሉ። «ወላሂ ፈትሂያዬ፣ እሷማ ነፍሴ ናት። አረቄው ነው እንጂ።»

የቱ አረቄ? ነገሩ ሲገባት ፈትሂያን ከእንባዋ መሀል ሳቅ ቀደማት። ጎረቤታቸው ነርስ ኢስራ ተጠርታ የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበበችላቸው፤ አልኮል የሚባል የለበትም። ግን ይሄን ሁሉ ምን አደከመሽ አለቻት ፈትሂያን። ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ወይም ቁስሉ የሚያዥ ሰው ሲኖር ይጠቅማል፤ ለዘወትር ልብስ ሳሙና፣ ደህና አድርጎ ማለቅለቅና ማድረቅ ይበቃል። ፈትሂያ ሸክም የወረደላት ያህል ተነፈሰች። ልጄን አላህ ይጠብቅልኛል ብላ ጠርሙሱን ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው።

ለእማማ መዲና ልብ ማረፊያ ግን የረውዳ ልብስ በሳሙና ብቻ እንደገና ታጠበ። ምራትና አማት ጎን ለጎን ቁጭ ብለው እያሹ፣ ያለፈውን እያነሱ ሲስቁ ጎረቤት ሰማቸው። ረፋዱ ላይ የደሴ ጉም ተገፈፈና ልብሱ ገመድ ላይ ደረቀ።

እማማ መዲና እንደ ሶላት ጊዜ ታጥበው ዉዱእ አድርገው፣ ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለብሰው ረውዳን ተቀበሏት። አሸተቷት፣ ሳሟት፣ ደስታቸው ወሰን አጣ። ብዙም ሳይቆይ ጭናቸው ሞቀ። ልጅቱ ሸንታባቸዋለች።

ፈትሂያ ደንግጣ ልትቀበላቸው ተንደረደረች፤ ይሄስ የማያጠራጥር ነጃሳ ነው። እማማ መዲና ግን ሕፃኗን ወደ ደረታቸው ይበልጥ አስጠጓት።

«ተያት» አሉ። «እኔ ታጥቤ እሰግዳለሁ። እሷን ግን አሁን አልሰጥሽም።»