ሰማንያ ቀኔ ሳይሞላ ሊማሊሞ ላይ

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና ነሐሴ ውስጥ ነው። ዛሬም ሊማሊሞን ስወጣና ስወርድ ያቺ ኩርባ ላይ ስደርስ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ገደሉን የፈራሁ ይመስለዋል። ገደሉንም እፈራለሁ፤ እንባው ግን የሌላ ነው።

የምኖረው ዛሪማ ነው፤ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ወር አልፎኛል። ባለቤቴ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ስለነበር እናቴ ከዳባት መጥታ ታርሰኝ ነበር። እናቴ በሥርዓት አትታማም። ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ልጇም ክርስትና የምትነሳው ያን ቀን ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ግን የራሷን ጨመረችበት። ቄስ ሲያልፍ ካየች በሩን ትዘጋብኛለች፤ መስቀል መሳለምማ አይታሰብም።

እኔም ቀስ በቀስ በአራስነቴ እግዚአብሔርን መጥራት ራሱ ድፍረት መሰለኝ። ማታ ስተኛ "በስመ አብ" ብዬ እጀምርና እተወዋለሁ። ሰማንያው ሲሞላ እንነጋገራለን ብዬ ለፈጣሪ ቀጠሮ ሰጥቼው ነበር ማለት ነው።

ልጄን መጀመሪያ ጉንፋን ቢጤ ያዛት። በማግስቱ ጡት እምቢ አለች፤ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ አየቻትና "ሳንባዋ ነው፤ አሁኑኑ ደባርቅ ሆስፒታል ውሰዷት" አለችን። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ወጥቷል። መንገድ ዳር አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አገኘን። ሹፌሩ ልጅቷን ሲያያት መኪናው ሳይሞላ ተነሳ።

ድብ ባሕርን አልፈን ዳገቱን ግማሽ ያህል እንደወጣን ጉሙ ዋጠን። ጥቂት ሄድ እንዳልን መኪናው ቆመ። አንድ የጭነት መኪና ኩርባው ላይ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ቋጥኝ ነው። ለእግረኛ ካልሆነ ለመኪና ማለፊያ የለም። ሹፌራችን ወርዶ አይቶ ተመለሰና "ጎታች መኪና ካልመጣ አይነቃነቅም" አለ።

ልጄ ማልቀስ አቁማለች። ስታለቅስ ስታስጨንቀኝ ቆይታ፣ ዝም ስትል ይብስ አስፈራችኝ። ከንፈሯም ጠቆር ብሏል። እናቴ "ወይኔ ልጄን! ክርስትና ሳትነሳ!" ብላ ደረቷን ደቃች። ልጅ መሞቷ አንድ ነገር ነው፤ ክርስትና ሳትነሳ መሞቷ ደግሞ ለእኛ ሌላ ሞት ነው።

ከፊታችን ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል። እስከዚያ ድረስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ አልተናገሩም። ዞር ብለው መስቀላቸውን አወጡና ወደ ልጄ ዘረጉ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ልጄን ይዤ ወደ መስኮቱ ሸሸሁ።

"አባ፣ አይቅረቡን፤ ገና አራስ ነኝ" አልኳቸው።

"ሰማንያዋን አልጨረሰችም አባ፤ ይፍቱን" አለች እናቴም።

አባ መስቀሉን ሳይመልሱ ትክ ብለው አዩኝ። "ጸለይሽላት?" አሉኝ።

"በዚህ ሁኔታዬ እንዴት ብዬ አባ? እርስዎ ይጸልዩላት እንጂ።"

"እኔማ ከታች ጀምሬ ስጸልይ ነው የመጣሁ። አንችን ነው የጠየቅሁ።"

አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ዘባረቅሁ። ልጄን ያትርፍልኝ እንጂ ለደብርዎ ጃንጥላ አገባለሁ አልኩ፤ ከእንግዲህ ረቡዕና ዓርብን አልሽርም አልኩ፤ ሱቁንም በበዓል ቀን አልከፍትም አልኩ። ቢተዉኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን የማልፈጽመውን ሁሉ እሳል ነበር።

"ተይ ልጄ" አሉኝ። "ጃንጥላውን ለምስጋና አቆይው። አሁን ምን ልትሰጭው ነው? ያለሽን ሁሉ የሰጠሽ እሱ። ዝም ብለሽ ለምኝው።"

"ሥርዓቱስ አባ?" አለች እናቴ።

"ሥርዓቱ ከቤተ መቅደስ ነው ያቆያት እቴ፤ ከአምላኳማ አላቆያትም። እመቤታችንስ በበረት ጌታን ታቅፋ አራስ አልነበረችም?"

እናቴ ራሷ የልጄን ግንባር ገለጠችላቸው፤ ይህ ደግሞ በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም። አባ መስቀሉን ልጄ ግንባር ላይ አሳረፉና ወደ እኔ አመጡት። ተሳለምኩ።

"በይ" አሉኝ።

"ጌታዬ፣ አንተ ሰጠኸኝ። እኔ ላድናት አልችልም፤ አንተ ትችላለህ። ማርልኝ።" ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሰው ሁሉ እየሰማኝ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

እውነቱን ለመናገር ልጄ ወዲያው አልዳነችም። ደረቷ ያው ስርጉድ ይላል። እኔ ግን ብቻዬን እንዳልሆንኩ ታወቀኝ። ደንዝዞ የነበረው ጭንቅላቴ መሥራት ጀመረ። "ከማዶ በኩል የቆመ መኪና አይኖርም?" ብዬ ብድግ አልኩ።

ልጄን በጋቢ ሸፍኜ፣ አባ የውሃ ጠርሙሳቸውን እንደያዙ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ ሆነን በተበላሸው መኪና ጥግ አለፍን። ማዶ ከደባርቅ ወደ ታች ሲወርድ የቆመ ሚኒባስ አገኘን። ተሳፋሪዎቹ ልጅቷን ሲያዩ ማንም ሳይለምናቸው ወረዱልን። ግን መኪናው የሚዞርበት ቦታ የለም። ሹፌሩ እስከ ላይኛው ሰፊ ቦታ ድረስ በዚያ ጉም ወደ ኋላ እየነዳ መውጣት ነበረበት።

"ከኋላዬ ምንም አይታየኝም" አለ።

አባ ነጭ ጋቢያቸውን ዘርግተው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ከመኪናው ኋላ ቆሙ። "ይኸስ ይታይሃል?"

"እሱ ይታየኛል አባ።"

"በል እሱን ተከተል። እኔ ገደሉን ትቼ በተራራው ጥግ ነኝ።"

አባ ዳገቱን እየወጡ፣ መኪናው ወደ ኋላ እየተከተላቸው ሄድን። ሹፌሩ ዓይኑን ከመስታወቱ አልነቀለም። እኔም ዞሬ በኋላ መስኮት ያቺን ነጭ ጋቢ እያየሁ ልመናዬን ቀጠልኩ። አንዴ አፌ ተከፍቷል፤ ማን ያቆመኛል? ሰፊው ቦታ ስንደርስ አባ ጉልበታቸውን ይዘው ያለከልካሉ። ደግፈን አስገባናቸውና ወደ ደባርቅ በረርን።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሶቹ ልጄን ተቀብለውኝ ሲሮጡ፣ አባ አሁንም ያንን የውሃ ጠርሙስ በእጃቸው ይዘው አየኋቸው። በዚያ ሁሉ መንገድ ሳይጥሉት መምጣታቸው ገረመኝ።

"ለምንድን ነው አባ?" አልኳቸው።

"መንገድ ላይ ብትደክምብን ላጠምቃት ነበር" አሉና ጠርሙሱን ለእናቴ ሰጧት። "አላስፈለገም እቴ፤ ጠጭው።"

እናቴ ጠርሙሱን አቅፋ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ልጄ ኦክስጅን ተደረገላት፤ መርፌውም ያዘላት። እነዚያን ነርሶችና ሐኪሙን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሦስተኛው ቀን ጡቴን ስትይዝ ያመመኝን ሕመም ያህል ደስ ያለኝ ሕመም የለም።

ሰማንያው ሲሞላ ክርስትና ያስነሳናት ደባርቅ፣ አባ በሚያገለግሉበት ደብር ነው። ሐሳቡ የእናቴ ነበር። እኔ ጃንጥላ ይዤ ቀረብኩ።

"ስለት ነበረብሽ እንዴ?" አሉኝ አባ፣ ጨዋታ ሲያምራቸው።

"ከልክለውኝ የለ? ምስጋና ነው" አልኳቸው። እስኪበቃቸው ሳቁ።

እናቴ አሁንም በሥርዓት ቀልድ አታውቅም። እኔም ብሆን ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ መግባት በማልችልበት ቀን ከቅጥሩ ውጭ እቆማለሁ። ግን እንደ ድሮው አፌን ዘግቼ አልመለስም። የልቤን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ እንደሚሰማኝም አልጠራጠርም። ልጄ ደግሞ ቀሚሴን እየጎተተች እንሂድ እንሂድ ትለኛለች።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ ወለደችና ልጠይቃት ገባሁ። ሕፃኑ ሆዱን እያመመው ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሯል። "እኔ እስክነጻ አንቺ ጸልይልኝ" አለችኝ።

"እጸልይልሻለሁ። አንቺስ ጸለይሽለት?" አልኳት።

ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች።