የሊበኑ ፓምፕ ዘንግ

ነገሌ ቦረና፣ ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሥራ የጀመርኩት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ሽኩር ከጉራጌ አገር መጥተው ከተማዋ ውስጥ የከበሩ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ሲያዩኝ በመለዋወጫ ሱቃቸው ሻጭ ሆኜ ልቀጠር የመጣሁ መስሏቸው ወደዚያ መሩኝ። የቶርኖ ባለሙያ መሆኔን ስነግራቸው አልተከራከሩም፤ አንድ ብረት ሰጡኝና የብሎን ጥርስ መቁረጫ ሞርደሽ አሳዪኝ አሉ። እስከ ምሳ ድረስ አራት ጊዜ መለሱብኝ። በአምስተኛው፣ ነገ በጠዋት ነይ አሉኝ።

በሁለተኛው ዓመቴ ዝናቡ ዘገየ። በዚያ ሰሞን ኦቦ ጅሎ የሚባሉ ሽማግሌ ከሊበን በጭነት መኪና መጡ። የቀበሌያቸው የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ጠባቂ ናቸው። በጆንያ ጠቅልለው ያመጡት የፓምፕ ዘንግ ጫፉ ላይ ጥርሱ ተላልጧል። ዘንጉ የሚገባበት ዳዶ ከፓምፑ አካል ጋር የተበየደ ስለሆነ እዚያው ቀርቷል።

በኦሮምኛ አካም፣ ናጋ ተባብለን ሥራ ጀመርኩ። የጥርስን ከጥርስ ርቀት የሚያሳየውን መለኪያ ደህና በሚመስሉ ሦስት ጥርሶች ላይ ሳስቀምጥ የሁለት ተኩል ሚሊሜትሩ ልክ ገባ። በዚያው ልክ አዲስ ዘንግ ሠርቼ ሰጠኋቸው። ያማረ ሥራ ነበር፤ ኮራሁበት።

በማግስቱ ዘንጉን ይዘው ተመለሱ። አራት ዙር ገብቶ እንቢ አለ። ጎረምሶቹ በትልቅ መፍቻ እናስገድደው ሲሉ ዳዶው እንዳይበላ ፈርተው ከልክለዋቸዋል።

"ከብቶቹ ውኃ ካዩ ሦስት ቀናቸው ነው" አሉኝ ቀስ ብለው።

አለመቆጣታቸው ይበልጥ ከበደኝ።

ጋሽ ሽኩር ዘንጉን አገላብጠው አዩና ስህተቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። የኔ ነው አልኩ።

"እንግዲያው አሮጌውን አጽጂው" አሉ። "ሦስት ጥርስ አይመሰክርም።"

አሮጌውን በናፍጣ አጥቤ በሽቦ ብሩሽ ስፈገፍገው ከዝገቱ ሥር ሌሎች ጥርሶች ወጡ። አሥሩን በአንድ ላይ ለካሁ። ሃያ አምስት ሚሊሜትር መሆን ሲገባው ትንሽ አለፈ፤ ድፍን አንድ ኢንች ሆነ። ፓምፑ የተሠራው በኢንች ነበር። በአንድ ጥርስ ላይ ልዩነቱ የፀጉር ውፍረት አይሞላም፤ እየተደመረ ሲሄድ ግን ዳዶውን ያንቃል።

አዲስ ብረት አስሬ የቶርኖውን ማርሾች ቀየርኩ። የኛ ቶርኖ በሚሊሜትር የሚሠራ ስለሆነ የኢንች ጥርስ ሲቆረጥ መቁረጫውን የሚነዳውን እጀታ መልቀቅ አይቻልም፤ ከተለቀቀ መቁረጫው የቀድሞ መንገዱን ይስታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በቆረጥኩ ቁጥር መቁረጫውን ከብረቱ አርቄ፣ ሞተሩን ወደ ኋላ አዙሬ ወደ መነሻው እመልሰዋለሁ። የመጀመሪያውን ግን ብረቱን ጫር ብቻ አድርጌ አሥር ጥርስ ለካሁ። አንድ ኢንች ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጠለቅ አድርጌ መቁረጥ የጀመርኩት።

ዘንጉ ሲያልቅ ከኦቦ ጅሎ ጋር አብሬ ሄድኩ። ከብቶቹ ጉድጓዱን ከበው ተኝተዋል። ኦቦ ጅሎ ዘንጉን በጣታቸው ያዞሩት ጀመር። አራተኛውን ዙር አለፈ፤ እስከ መጨረሻው ገባ። ሁሉን ገጥመን ሞተሩ ሲነሳ ቱቦው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ውኃ።

"ገላቶሚ፣ ልጄ" ብለው አመሰገኑኝ።

ከዚያ ወዲህ ሜጋም ሞያሌም ሠርቻለሁ። ዳዶውን ሳላይ ጥርስ አልቆርጥም። ዳዶው ሊመጣ ካልቻለ እኔ እሄዳለሁ።