ጥርሰ ረጅሙን እንግዳ ስተረጉም

ሥራ የጀመርኩት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ እትዬ ሙኒራ ማይክራፎኑን አቀበሉኝና፣ «ሰውየው ሲሞት ቶሎ ሞተ በል። ካዘገየህ ሕዝቡ ቀድሞህ ይናገራል» አሉኝ። ሥልጠናዬ ይኸው ነበር። ፊልሙ እየሄደ ከስክሪኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ በአማርኛ እተረጉማለሁ። ወንዱም ሴቷም እኔ ነኝ፤ ሲቸግር ፈረሱም እኔ ነኝ።

ኋላ ሁሉም በስልኩ ማየት ጀመረና ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። እትዬ ሙኒራ ግን እጅ የሚሰጡ ሴት አይደሉም። ታቦር ክፍለ ከተማ አንድ አዳራሽ ተከራይተው ቅዳሜ ከሰዓት የድሮ የቫምፓየር ፊልሞችን ማሳየት ያዙ። እኔ ፊልሞቹ የተወሰዱባቸውን ልብ ወለዶች አንብቤ፣ ከፊልሙ በፊት ልዩነቱን ለተመልካቹ እናገራለሁ። በመጽሐፍ እንቅልፍ የሚነሳው ቫምፓየር ፊልም ላይ ካባ ደርቦ ሲመጣ ለመልስ የተጠራ ሙሽራ ይመስላል።

በትርጉሜ ቫምፓየሩን «እርስዎ» ነው የምላቸው።

«ደም መጣጭ ታከብራለህ እንዴ?» ብሎ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጮኸብኝ።

«የቅድመ አያትህ ታላቅ ናቸው። አንተ ልበላቸው?» አልኩት።

ወሬው አከራያችን ጋሽ ላሊሞ ጆሮ ገባ። ጋሽ ላሊሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቀልድ አያውቁም። «አዳራሼ ውስጥ ሰይጣን ታሳያላችሁ አሉኝ። ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ። እውነት ከሆነ ቁልፌን ይዤ ነው የምወጣው» አሉ።

እትዬ ሙኒራ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ «እንጀራችን አንተ አፍ ላይ ነው። አለስልሰህ ተርጉም» አሉኝ። ሌላ ሙያ የለኝም። በጣም ፈራሁ።

ቅዳሜ ጋሽ ላሊሞ ከዘራቸውን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተሰየሙ። ደም ሲፈስ «ቀይ ነገር» ብዬ አለፍኩ። የሬሳ ሣጥኑን «ጠበብ ያለች አልጋ» አልኩት።

ከዚያ የበሩ ትዕይንት መጣ። ቫምፓየሩ በዝናብ በር ያንኳኳሉ። ቫምፓየር ደግሞ «ይግቡ» ካልተባለ ደጃፍ አያልፍም፤ መጽሐፉም ፊልሙም በዚህ ይስማማሉ። ይህንኑ ተረጎምኩ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ በሩን ገርበብ አድርጋ ዝም ብላ ታያቸዋለች።

ጋሽ ላሊሞ ተቁነጠነጡ። «ምን ዓይነት ሴት ናት? እንግዳ ዝናብ ላይ ይቆማል?»

«ጋሽዬ፣ እሳቸው እኮ...» አልኩ በማይክራፎኑ።

«ዝም በል አንተ! መንገደኛ ናቸው፣ መሽቶባቸዋል። ይግቡ በያቸው!» ብለው ከዘራቸውን ወደ ስክሪኑ አነሱ። ከኋላ ያለው ሕዝብም ተቀበላቸው፦ «ይግቡ! ይግቡ!»

ሴትዮዋ የሰማች ይመስል በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ቫምፓየሩም ገቡ። አንገቷ ላይ ነከሷት።

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ላሊሞ ዞረ። እትዬ ሙኒራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ቁልፉ ሲሄድ ታየኝ።

ጋሽ ላሊሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥፋቱ የሷ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ምግብ ማቅረብ ነበረባት።»

ቁልፉን አልወሰዱም። ሲወጡ የሚቀጥለው ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠየቁኝ።

ለወጣት ተርጓሚዎች የምለው ይህን ነው፦ አታለስልሱ። ተመልካች የሚቆጣበትን ነገር ራሱ ይመርጣል።