በሚስማር የተበሳው የወተት ጠርሙስ

ልጅ ሳለሁ፣ ቡታጅራ ላይ አመሻሹን መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች የምንሮጠው ወደ ጋሽ ታደለ መድኃኒት ቤት ነበር። ሻማውን ባንኮኒው ላይ ያቆሙና፣ የሳል ሽሮፕና የአልኮል ሽታ ባፈነው በዚያ ጠባብ ክፍል ተረት ይነግሩናል። ፋርማሲ ሊማሩ ህንድ ሄደው የቡድሃን እምነት ይዘው ነው የተመለሱት። ነገሩን ላስረዳ፤ ቡድሂስት ማለት ያኔ ሰፈር ውስጥ እንደሚወራው ከሐውልት ጋር የሚያወራ ሰው ማለት አይደለም። ጋሽ ታደለ ጉንዳን ላለመርገጥ እግራቸውን የሚያነሱ፣ የመስቃን በርበሬ ገበሬዎች የጣሉትን የፀረ ተባይ ጠርሙስ ከወንዝ ዳር በጆንያ የሚለቅሙ ሰው ነበሩ።

ያኔ ታናሽ እህቴ ራቢያ ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ የጠጣችውን ወተት ሁሉ እያስመለሰች ከቀን ወደ ቀን ትከሳ ነበር። አንድ አመሻሽ እናቴ አዝላት መጣችና ተረታችንን አቋረጠችው።

«ዶክተር፣ ያው ማስመለሱ ነው። ጠንከር ያለ መድኃኒት ይስጡኝ።»

«ወተቷን በምን ታስቀምጪላታለሽ፣ ዘይነብ?»

እናቴ ከዘንቢሏ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። አባቴ በርበሬውን ረጭቶ ሲጨርስ ያመጣላት ነው፤ ክዳኑ ጥብቅ ስለሚል እንኮራበት ነበር። የመርዝ ጠርሙስ በአመድ አጥቦ ለወተት ማዋል እኛ ዘንድ የባለሙያ ሴት ወግ ነበር።

ጋሽ ታደለ ሚስማር አነሱ። «ይሄን እንብሳው፤ ዳግም ምንም እንዳይቀመጥበት።»

«ወላሂ አይደረግም! ሦስቴ በአመድ ያጠብኩትን? ለጉንዳን ማዘንዎ ሳያንስ ደግሞ ከጠርሙስ ተጣሉ?»

እኛ ሳቅን። እሳቸውም ስቀው ተረት ጀመሩ።

«አንዲት አይጥ እባብ የለቀቀውን ጉድጓድ አገኘች። ጠረገችው፣ ሣር ጎዘጎዘችበት፣ ልጆቿን አስገባች። ልጆቿ ግን አንድ በአንድ ታመሙባት። እባቡን ብትፈልግ የለም። መርዙ ግን ግድግዳው ውስጥ ነበር።»

እናቴ ራቢያን አየች፤ ጠርሙሱን አየች። ሚስማሩን ከእጃቸው ወሰደችና ራሷ በሳችው። እሳቸውም ንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ሰጧት፤ «ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ የተበሳውንም አሳዪያቸው» አሏት።

ጤና ጣቢያም ያንኑ አሉ። ፕላስቲክ መርዙን ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ አመድ የሚያጥበው ላይ ላዩን ብቻ ነው። በሳምንቱ ራቢያ ወተቷን ጨልጣ «ጨምሪ!» ብላ ስታለቅስ እናቴ እልልታውን አቀለጠችው። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁማት! ሚስማርና ድንጋይ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። አባቴም የገበሬውን ሁሉ ጠርሙስ ሰብስቦ በጋሪ ጭኖ መጣ። በገበያ ቀን መድኃኒት ቤቱ በር ላይ የተበሳ ጠርሙስ ክምር ቁመታችንን አለፈ! ጋሽ ታደለ «አታቃጥሉት፣ ጭሱም መርዝ ነው» እያሉ በጆንያ ያስሩታል።

ማንንም ወደ እምነታቸው አልጠሩም። እናቴ ለመግሪብ ሶላት ስትነሳ ቦታ የሚያስለቅቁላት እሳቸው ነበሩ። አሁን በሕይወት የሉም። ራቢያ ወልቂጤ ትማራለች፤ ስለዚያ ጊዜ ስነግራት «ኧረ አትቀልድ፣ እኔ ታምሜ አላውቅም!» ትለኛለች። አልከራከራትም። ድል ማለት ይሄ ይመስለኛል፤ የዳነች ልጅ መዳኗን እስክትረሳ ድረስ ጤነኛ ስትሆን።