የሚስ ካሮል በረንዳና የጠርሙሱ ዛፍ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሬይ ያቦካሁትን አንድ ባልዲ ሲሚንቶ አየና ድፋው አለኝ። ዘመኑ የፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። አዲስ አበባ ግንበኛ ነበርኩ፤ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከገባሁ ወዲህ ግን ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ስቆርጥ ከርሜ፣ ወደ ሙያዬ በተመለስኩበት ማለዳ እንዲህ መባሌ አናደደኝ። ሬይ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የከተማው አሮጌ ጡብ ለስላሳ ነው፤ በመካከሉ ጠንካራ ሲሚንቶ ከገባ ጡቡ ራሱ ይፈረካከሳል። ስለዚህ የሚሞላው ኖራና አሸዋ ነው። ኖራው ደግሞ ሳይጠነክር ውርጭ ካገኘው ይበላሻል።

ሥራችን ይኸው ነበር፤ ከጡቦቹ መካከል ያረጀውን ማያያዣ በመሮ ፈልፍሎ ማውጣት፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ በቀጭን የግንበኛ ማንኪያ አዲሱን መሙላት። ሬይ አለቃ፣ እኔ ግንበኛ፣ ተሾመ የሚባል የአገሬ ልጅ ረዳት።

የምኖረው ከዴንቨር ጎን፣ አውሮራ ነው፤ በእኛ ሰፈር ቤቱ ሁሉ ትናንት የተሠራ ይመስላል። ዴንቨርን ያወቅኳት በምንጠግናቸው የጭስ ማውጫዎቿ ነው። በዕረፍት ቀኔም ስነዳ ቅስት መስኮት ወይም የተጠረበ ቀይ ድንጋይ ካየሁ ፍጥነት እቀንሳለሁ። ባለቤቴ፣ “ሰውዬ፣ መንገዱን እይ፤ ኋላችን ያለው ክላክስ እያደረገብህ ነው” ትለኛለች።

የግቢዎቹ ነገር ግን ለብቻው ነው። ያን የመሰለ ቤት ፊት ለፊት አበባ የበቀለበት የመታጠቢያ ገንዳ፣ ከብስክሌት ሰንሰለት የተበየደ ቀጭኔ ታያለህ። መጀመሪያ ሰሞን ቆሻሻ የሚያነሳላቸው ያጡ ይመስለኝ ነበር።

ሚስ ካሮል ቤት የሄድነው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በረንዳቸውን የተሸከመው የጡብ ዓምድ ጎብጦ ነበር። ዓምዱ አጠገብ የደረቀ ዛፍ ቆሟል፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ ሰማያዊና አረንጓዴ ጠርሙስ ተሰክቶበታል። አጥሩ ላይ የአሻንጉሊት ጭንቅላቶች ተደርድረዋል። ሬይ ላዩ ቆመን የምንሠራበትን እስካፎልድ የሚያቆምበት ቦታ ስለፈለገ ተሾመን ዛፉን ንቀል አለው።

ተሾመ ከበሩ አላለፈም። “ጋሽ በላይ፣ ይሄ ጥንቆላ ነው። በእጄ አልነካውም።”

“አሻንጉሊት ነው ባክህ። ያንተ ልጆች የላቸውም?”

“የልጆቼ አሻንጉሊት አንገት አለው።”

እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ምሳ ላይ መነታረክ ልማዳችን ነበር። ያን ቀን ግን ልከራከረው አልቻልኩም፤ እኔም በሆዴ አማትቤ ነበር።

ሬይ ውርጭ ፈርቶ ሰማዩን አየ። “ወይ ሥራ ይጀምር፣ ወይ ቤቱ ይሂድና ሁለተኛ አይምጣ። ንገረው” አለኝ። ሬይ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። የተሾመ ሚስትና ልጆች ከአገር ቤት ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ ኮሜርስ ሲቲ የነበረውን የመጋዘን የሌሊት ሥራ ትቶ እኛ ጋ የገባው ማታ ማታ ከእነሱ ጋር ለመሆን ብሎ ነው። የሬይን ቃል ነገርኩት። “ይሁን፣ ጌታ ሌላ ይሰጠኛል” አለ። ተናደድኩበትም፣ አዘንኩለትም።

በዚህ መሐል ሚስ ካሮል ወጥተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አሞታል ልላቸው አፌን ስከፍት ተሾመ ቀደመኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ “ማዳም፣ ዛፍዎን ፈራሁት” አላቸው።

አልሳቁም። “ጭንቅላቶቹ ወፍ ማባረሪያ ናቸው፤ ቲማቲሜን ይጨርሱብኛል። ጠርሙሶቹ ግን ባሌ የጠጣቸው ናቸው” አሉ። “መጠጥ ያቆመ ዕለት ጋራዥ ውስጥ የደበቃቸውን ሁሉ አውጥቶ እዚህ ሰካቸው፤ ሲገባና ሲወጣ እንዲያያቸው። እስኪሞት ድረስ ደግሞ አልቀመሰም።”

ልተረጉምለት ስዞር ተሾመ ገብቶታል። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሰው ይቆምና ጌታ ከምን ሕይወት እንዳወጣው ለጉባኤው ይናገራል፤ ምስክርነት ይሉታል። “ጋሽ በላይ፣ ይሄማ ምስክርነት ነው” አለኝና በሩን አልፎ ገባ።

ጃኬቱን አውልቆ ሳሩ ላይ አነጠፈና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ደረደራቸው፤ ከዚያ ዛፉን ነቅሎ አጥሩ ጥግ አስጠጋው። ሬይ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀኝ። “ጀምሯል፣ ተወው” አልኩት። እሱም እስካፎልዱን ከመኪናው ማውረድ ጀመረ።

ዓምዱን ውርጩ ሳይቀድመን ጨረስን። ተሾመ ዛፉን ቦታው ላይ መልሶ ተከለና ጠርሙሶቹን እየወለወለ ሰካቸው። ከዚያ ቆሞ ሲያያቸው ቆየ።

“እኔም እኮ ጠጪ ነበርኩ” አለኝ። ስንት ጊዜ አብረን ሠርተን ነግሮኝ አያውቅም። “ለጉባኤው ስንቴ መስክሬያለሁ። ልጆቼ ግን አያውቁም። እንዴት ብዬ እንደምጀምርላቸው ጠፋኝ።” ከዚያ ልጆቹን ይዞ ቢመጣ ቅር ይላቸው እንደሆነ ሚስ ካሮልን እንድጠይቅለት ለመነኝ።

ቅዳሜ አመጣቸው። ዛፉ ሥር ተንበርክኮ ሲያወራቸው እኔና ሚስ ካሮል በረንዳው ላይ ቆመን ነበር። የሚለውን አልሰማንም። ትንሿ ልጁ አንገቱን አቅፋ ስትይዘው ግን አየን።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አዳዲስ ሠራተኞች ምክር ሲጠይቁኝ ስለ ኖራው ከነገርኳቸው በኋላ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ከሰው ግቢ ምንም ነገር ከመንቀላችሁ በፊት ምን እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁ።