የካራማራው ሄሊኮፕተር ቬስትሊ ላይ

ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ኖርዌይ ከምኖርበት ሰፈር ከሊንደበርግ የተነሣሁት ጦርነት ለማስቆም ነው። አጎቴ ጋሼ ታደሰ ከከተማው ሌላ ጫፍ ከቬስትሊ ደውለው፣ «ከአብዲ ጋር ተጣልቻለሁ፤ የዓይኔን ጠብታ የሚያደርግልኝ የለም» አሉኝ። አቶ አብዲ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሶማሌ የአውቶቡስ ሹፌር። ጋሼ የዓይናቸውን ሞራ ከተገፈፉ ወዲህ፣ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጠብታውን የሚያደርጉላቸው አቶ አብዲ ነበሩ። ሐኪሙ ደግሞ ካቋረጡት ዓይኑ ያመረቅዛል ብሏል።

«ኮሙኑ ነርስ ይልካል እኮ» ብዬ ማዘጋጃ ቤቱን ባስታውሳቸው፣ «ኔይ! አይሆንም! እኔ የአብዲን እጅ ነው የለመድኩት» አሉ።

ቶየን ላይ ባቡር ቀየርኩ። ከጫማዬ የሚቀልጠውን በረዶ እያየሁ የማስታረቂያ ንግግሬን አጠናሁ። ስቶቭነር ወርጄ ከገበያ ማዕከሉ ሳምቡሳ ገዛሁ፤ ባዶ እጁን የመጣ አስታራቂ ማን ይሰማል? ከዚያ እስከ መስመሩ መጨረሻ፣ ቬስትሊ።

ጋሼ በር ከፈቱልኝ። አንዱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምን አጣላችሁ?»

«ካራማራ።»

ለካ ሁለቱም እዚያ ጦርነት ላይ ነበሩ፤ በተቃራኒ ወገን። ለዓመታት አብረው ሻይ ሲጠጡ አንሥተውት አያውቁም። ሰሞኑን ቴሌቪዥን ላይ ሄሊኮፕተር ሲያዩ ግን ጋሼ፣ «እኛንም እንዲህ ተራራውን አሻግሮ ከጠላት ጀርባ አወረደን» የሚል አመለጣቸው።

አቶ አብዲን ሄጄ ጠራኋቸው። መጡ፤ ግን አልተቀመጡም። የሁለቱ መግባቢያ በስደተኞች ኮርስ የተማሩት ኖርዌጅኛ ነው።

«እኛ ከፊት እየጠበቅን ከኋላ መምጣት ኢከ ሎቭ!» አሉ አቶ አብዲ። አይፈቀድም ማለታቸው ነው፤ ያለቦታው መኪና ላቆመ ሰው እንደሚባለው።

«ጦርነት ነበር እኮ!» ጋሼ ሳምቡሳዎቹን ደርድረው ተራራ ሠሩ። የስኳር ዕቃውን ሄሊኮፕተር አድርገው በላያቸው አሻገሩት።

አቶ አብዲ ስኳሩ ያረፈበትን ቦታ ትክ ብለው አዩት። «ስትወርድ ተኮስክ?»

ጋሼ የስኳር ዕቃውን ለቀቁት። «መጀመሪያ የሻምበሉ ቆብ ላይ አስታወክሁ። ከወረድኩ በኋላም አስታወክሁ። አንተስ?»

አቶ አብዲ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ድምፁን ስሰማ ሮጥኩ። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ።»

ጋሼ ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸውን ሊያሹ እጃቸውን ሰደዱ። አቶ አብዲ የጋሼን እጅ ያዙና ጠብታውን አነሡ።

«ቀና በል። እኔ በፊት ለፊት ነው የምመጣው።»

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ፣ «ንግግርሽ ሠራ?» አለኝ። አንዲት ቃል እንኳ እንዳልተነፈስኩ ነገርኩት። ከእንግዲህ የተጣሉ ሽማግሌዎች ካጋጠሙኝ ንግግር አላጠናም፤ ማን በየት በኩል እንደሸሸ ብቻ እጠይቃለሁ።